ኢንተርፕራይዝ ዩሮፕ ኔትወርክ፦ ለአነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ምን ያህል ይጠቅማል?

አንድ አነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅት ጥሩ ምርት ይዞ እንኳ ከአገሩ ውጭ መሸጥ የሚያቅተው፣ በሚሄድበት ገበያ ስለ እርሱ የሚመሰክርለት ስለማያገኝ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎቹ ያን ዮሃንሰንና ያን-ኤሪክ ቫልነ ስለ ድርጅቶች ወደ ውጭ መስፋፋት እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡትን ሐሳብ በ2009 ሲከልሱ፣ ትልቁን እንቅፋት ከግንኙነት መረብ ውጭ ሆኖ መቅረት ብለው ማስቀመጣቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል። እዚህ የምገመግመው አገልግሎት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የሚሠራ ነው።

ኢንተርፕራይዝ ዩሮፕ ኔትወርክ በአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ተቋቋመ። አማካሪዎቹ በየከተማው ባሉ የንግድ ምክር ቤቶች፣ የክልል ልማት ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ውስጥ ይሠራሉ። የሚያገለግሉት በዋናነት ከ250 ሠራተኛ በታች ያላቸውን ድርጅቶች ሲሆን፣ ወጪው በአብዛኛው ከአውሮፓ ኅብረት በጀትና ከአስተናጋጅ ተቋማቱ ስለሚሸፈን ድርጅቶቹ በጥቅሉ ክፍያ አይጠየቁም።

የአገልግሎቱ እምብርት የአጋር ፍለጋ ማስታወቂያ ነው። ድርጅቱ ከአማካሪው ጋር ሆኖ የሚያቀርበውን ወይም የሚፈልገውን ነገር በአጭሩ ይጽፋል፤ ጽሑፉም የድርጅቱ ስም ሳይጠቀስ በጋራ የመረጃ ቋት ውስጥ ይወጣል። በሌላ አገር ያለ ፍላጎት ያደረበት ድርጅት ጥያቄውን ለራሱ አካባቢ አማካሪ ያቀርባል፤ ሁለቱ አማካሪዎች ይነጋገራሉ፤ ባለጉዳዮቹ የሚተዋወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ሀብቱ ሁሉ በአንድ ሶፍትዌር ወይም በአንድ የፈጠራ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ትንሽ ድርጅት፣ ማን እንደጠየቀው ሳያውቅ ምስጢሩን ለገበያ ከማውጣት ይድናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱንም ወገኖች በአካል የሚያውቁ ሰዎች መሐል ስለሚገቡ፣ በሀገራችን ንግድ ሽማግሌ እንደሚያገናኛቸው ሰዎች ሁሉ፣ የመጀመሪያው ውይይት የሚጀመረው ከተወሰነ መተማመን ላይ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። በአማካሪዎች እጅ የሚያልፍ ጥያቄ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህ ሳምንት ደንበኛ ለሚፈልግ ድርጅት አይሆንም። ውጤቱም በአማካሪው የሙያ ዕውቀት ላይ በእጅጉ ይንጠለጠላል። የሆስፒታል መረጃ ሥርዓት የሚሠራ ድርጅት የግብርና ማሽነሪ ላይ የቆየ አማካሪ ከደረሰው፣ ማስታወቂያው ለሙያው ሰው ትርጉም የሌለው አጠቃላይ ወሬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱ ጽሑፉን ለአማካሪው ብቻ መተው የለበትም። ምርቱ በሙከራ ላይ ነው ወይስ ገበያ ገብቷል? የሚፈለገው አከፋፋይ ነው፣ የፈቃድ ስምምነት ነው ወይስ በጋራ የሚያለማ አጋር? የፓተንት መብቱ በየትኞቹ አገሮች ተመዝግቧል? እነዚህ በግልጽ ካልተጻፉ መልስ መጠበቅ ይከብዳል።

ኔትወርኩ እንደ ሀኖቨር የኢንዱስትሪ ትርዒትና እንደ ባርሴሎናው የሞባይል ጉባኤ ባሉ ትልልቅ መድረኮች ላይ ቀድሞ የሚያዙ አጫጭር የሁለትዮሽ ስብሰባዎችንም ያዘጋጃል። የራሱን የማሳያ ቦታ ለመከራየት አቅም ለሌለው ድርጅት ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ስለማይበልጥ፣ ውል ለመጨረስ ሳይሆን ቀጣዩን ንግግር ለማስያዝ ተዘጋጅቶ መሄድ ያዋጣል።

በአውሮፓ የሶፍትዌር ወይም የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ያቋቋሙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ከተማ ያለውን ቢሮ ቢጠይቁ እመክራለሁ። አዲስ አበባ ላሉት ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተውና የአዲስ አበባውን የፈጠራ ማዕከል አይስአዲስን በአባልነት የያዘው አፍሪላብስ የሚያስተሳስረው የአፍሪካ የፈጠራ ማዕከላትን ስለሆነ፣ ድርጅቶች ወደ ሌላ አፍሪካ አገር ገበያ ለመሻገር የሚጠቀሙበት በማዕከላቸው በኩል ነው።

ኢንተርፕራይዝ ዩሮፕ ኔትወርክ ገንዘብ አያበድርም፣ ምርትም አይሸጥም። ከመተዋወቂያው በኋላ ያለው የኢሜይል ልውውጥ፣ የናሙና ሙከራና ድርድር ሁሉ የድርጅቱ የራሱ ሥራ ነው፤ ለዚህ የሚመደብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ቢሮውን ከማንኳኳቱ በፊት ያንን ሰው ቢመድብ ይሻለዋል።