ማስታንጌ በአዳማ፦ ከ11 ወር በኋላ

ፖስታ ቤት አካባቢ መኪናዬን አቁሜ ቡና እየጠጣሁ ነው። አንድ ባለጋሪ ጋሪውን ጥግ አስይዞ መጣና ፊቷ ተገተረ። ግንባሯ ላይ ያለውን ፈረስ ትክ ብሎ አየው።

«ስንት ፈረስ ናት?»

«310» አልኩት።

ዞር ብሎ የራሱን አንድ ፈረስ አየ። «ታዲያ ምን ታበላቸዋለህ?»

ቤንዚን ነዋ! እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

መኪናዋ የ2016 ፎርድ ማስታንግ ናት። 2016 የምለው በፈረንጅ ነው። አንዱ በእኛ አቆጣጠር መስሎት ዋጋ ሊቆልልልኝ ነበር። ሞተሯ 2.3 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ባለ ቱርቦ፤ ኢኮቡስት የሚሉት። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ፣ ባለ 6 ማርሽ። የገዛኋት ነሐሴ ላይ ነው፤ አሁን ሐምሌ ገብቷል። እስካሁን 9 ሺህ ማይል ነድቻታለሁ፤ ወደ 14 ሺህ ተኩል ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የአሜሪካ መኪና ስለሆነች የምትቆጥረው በማይል ነው። ግማሹ የራሴ ጉዳይ፣ ግማሹ የሰርግ ሥራ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ያማከርኩት ሰው ሁሉ ያለኝ አንድ ቃል ነው፦ «ቆይ»። የእህቴ ባል «ቆይ፣ አዲሱን ሞዴል ጠብቅ» አለኝ። ጓደኛዬ «ቆይ፣ የኤሌክትሪኩ ይሻልሃል» አለ። «አሁኑኑ ግዛ» ያለኝ ደላላው ብቻ ነው። የእሱ ምክር ደግሞ ከኮሚሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ምን እንደምጠብቅ ራሴን ጠየቅኩ።

አዲሱ የተባለው ሰባተኛው ትውልድ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2022 ዲትሮይት ላይ አሳዩት፤ የ2024 ሞዴል ተብሎ ገበያ ወጣ። አራት ሲሊንደሩ 315 ፈረስ ነው። ከእኔዋ የሚበልጠው በ5 ፈረስ ነው። በ5! ማርሹ 10 ሆኗል። ትልቁ ለውጥ ያለው ክሩስኮቶው ላይ ነው፤ 12.4 እና 13.2 ኢንች የሆኑ ሁለት ስክሪኖች ተደርድረውለታል። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን እኔ ቴሌቪዥን አይደለም የምገዛው።

ደግሞስ ከየት ይመጣል? ከጥር 2016 ወዲህ፣ አሁን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። አዳማ ቁጭ ብሎ ሰባተኛውን ትውልድ የሚጠብቅ ሰው መኪና ሳይሆን መመሪያ ነው የሚጠብቀው። ውጭም ቢሆን ነገሩ እየሳሳ ነው። የዶጅ ቻሌንጀር ምርት በ2023 መጨረሻ ቆመ፤ የሼቭሮሌ ካማሮም በዚያው ሰሞን ቆመ። ቻርጀር የሚባለው ሌላው የዶጅ መኪና መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሆኖ ተመለሰ፤ ጩኸቱም በመሣሪያ የሚፈጠር ነው። የቤንዚኑም መጣ፣ ግን ስድስት ሲሊንደር። የዚህ ዓይነት መኪና የሚወድ ሰው የሚጠብቀው ነገር እያነሰ ነው የሄደው።

እንግዲህ አገር ውስጥ ካሉት ጥቂቶች መምረጥ ነበረብኝ። ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ማስታንግ፣ አይቻለሁ። ድምፁ ያንቀጠቅጣል። ያልገዛሁት በከፍታችን ምክንያት ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የዚያን ጊዜው ቪ8 435 ፈረስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሲሰላ ወደ 330 ይጠጋል። ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይጎዳም። ጓደኞቼ «አራት ሲሊንደር ማስታንግ? የባጃጅ ዘመድ!» እያሉ ይቀልዱብኛል። ኤክስፕረሱ ላይ ሲቀመጡ ዝም ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ውስጥ ሆናችሁ ከምትሰሙት የሞተር ድምፅ የተወሰነው ከስፒከር ነው የሚወጣው። ፋብሪካው ራሱ ነው እንዲህ የሠራት። ቻርጀር ላይ መሳቄን ያቆምኩት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ኤክስፕረሱ ላይ ሌላ መኪና ናት። 120 ማለት እሷ ላይ መርፌው 75 ማይል ላይ ሲደርስ ነው። ኪሎ ሜትሩ ከሥር በደቃቅ ቁጥር ተጽፏል። እስክለምደው ድረስ ዓይኔን እያጠበብኩ ነበር የምነዳው። መሪዋ አይዋልልም። ከባድ መኪና ለመቅደም መንካት ብቻ ነው። የገረመኝ ግን የከተማው መንገድ ላይ ያላት ጠባይ ነው። ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር ማስታንግ እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ከኋላ አንድ ወጥ አክስል ነበራት፣ ልክ እንደ ጭነት መኪና። ከ2015 ወዲህ የኋላ እግሮቿ ለየብቻ ይሠራሉ። ጉድጓድ ላይ አንዱ እግር ሲገባ ሌላው አይናጥም። ለእኛ አገር ከስክሪን ሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ይሄ ነው። እኔ ሳልጠብቀው ከአሥር ዓመት በፊት መጥቶልኛል።

ሆዷ ግን ዝቅ ያለ ነው። ሰፈሬ መግቢያ ላይ አንድ የፍጥነት መቀነሻ አለ፤ የሠራው ሰው ለትራክተር ነው ያሰበው። በሁለተኛው ቀን ቀጥ ብዬ ገባሁበትና ከፊት ፓራውልት ሥር ያለው ፕላስቲክ ተላጠ። ጥፋቱ የራሴ ነው። አሁን ሰያፍ ይዤ፣ በኤሊ እርምጃ ነው የማልፈው። ከኋላዬ ያሉት ባጃጆች ያንባርቃሉ፤ ያንባርቁ።

አቧራውስ? የአዳማ ነፋስ ማለት ኮረብታው ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያስተከለ ነፋስ ነው። በበጋ የአየር ፊልትሮዋን በየወሩ አወጣለሁ። ስመታው ቡናማ ደመና ይነሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር በዚህ አይቀለድበትም።

በእነዚህ ወራት የተናደድኩት አንድ ቀን ነው። አንድ ጋራዥ ዘይት ልቀይር ገባሁ። ይህች ሞተር የምትፈልገው 5 ደብሊው 30 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ነው፤ የዘይቱ ክዳን ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ሻይ ልጠጣ ወጣ ብዬ ስመለስ መካኒኩ 20 ደብሊው 50 ሞልቶ ጨርሷል። «አዳማ ይሞቃል፣ ወፍራሙ ይሻላል» አለኝ፤ ለሽማግሌ ናፍጣ መኪና የሚሰጠውን ምክር። በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳት የቀድሞ ድምፅ የላትም፤ የታፈነች ትመስላለች። ዘይቱን አስደፍቼ እንደገና በራሴ ገንዘብ አስሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ዘይትና ፊልትሮ ይዤ ነው የምሄደው፤ ሻዩም ይቀራል።

ሰርጉን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጥር ላይ ነበር። መኪናዋ ሁለት በር ናት። ከኋላ ወንበር አለ ይባላል። ሙሽሪት ስትመጣ ነው ሁላችንም የነቃነው፤ ቬሎው ከኋላ በፍጹም አይገባም። ከፊት አስቀመጥናት። ሁለት ሚዜዎች እያጠፉ፣ እየገፉ በሦስተኛው ሙከራ በሩ ተዘጋ። ሙሽራው ከኋላ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። ልነሳ ብዬ ማርሹን ስፈልግ የለም፤ ቬሎ ውጦታል። ከዳንቴሉ ሥር በእጄ እየዳበስኩ፣ ሙሽሪትን ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ሰዓት ተኩል በሰው እርምጃ፣ በክላክስና በፀሐይ። ዓይኔ ከሙቀት መለኪያው አልተነሳም፤ መርፌው ግን ንቅንቅ አላለም። አሁን ሊከራይ የሚደውልልኝን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው የቬሎውን ስፋት ነው።

ወደ ባለጋሪው ጥያቄ። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ትበላለች። ኤክስፕረሱ ላይ ረጋ ካልኩ 9። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው። በዚያ ላይ ሰልፉ አለ። 310 ፈረስ የተባለውም በአሜሪካ 93 ኦክቴን በሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ቤንዚን ተለክቶ ነው። እኛ ማደያ ላይ ያለው ቤንዚን አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥቂት ፈረሶች በየቀኑ ሳይመጡ ይቀራሉ። ጓደኛዬ ኤሌክትሪኩን ገዛ፤ ማታ ቤቱ ሰክቶ ይተኛል። ሰልፍ ቆሜ እጁን እያውለበለበ ሲያልፍ ብዙ የምለው የለኝም። ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ሥራ ደርሶ ለመመለስ መኪና የሚፈልግ ሰው እሱን ይስማ፤ እኔን አይስማ።

ማሻሻያ ካነሳን፣ የእኔዋም አንድ አግኝታለች። ሬዲዮዋ ላይ ያለው ሲንክ 3 የሚባለው ሶፍትዌር በፍላሽ ይታደሳል። ሌሊት ሙሉ አውርጄ፣ ፍላሹን ሰክቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሲጨርስ ስልኬን ከመኪናዋ ስክሪን ጋር የሚያገናኘው አንድሮይድ አውቶ መጣልኝ። ወጪው ኢንተርኔትና ቤንዚን ብቻ ነው።

ዛሬ ብጠየቅም ያችኑ እገዛ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ አይ ነበር፣ ጎማዋን። 235 በ50፣ ባለ 18 ቸርኬ ነው፤ አዳማ ዞሬ አጣሁት። የፊቶቹ ሁለቱ አልቀዋል፤ የመስከረም ሰርጎች ሳይመጡ መቀየር አለባቸው። አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ጋ ደወልኩ። «ቆይ፣ አዲስ ጭነት እየመጣ ነው» አለኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።