ቀዩ ሰዓት፦ ቁጭ ማለት ለሚከብደው ልጄ የገዛሁት የደቂቃ መቁጠሪያ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር፣ እንዳለበት ከተነገረን ወዲህ ቤታችን ያልገባ ዕቃ የለም። የሚጨመቅ ኳስ፣ በአየር የተሞላ መቀመጫ፣ ኮከብ የሚለጠፍበት ሰንጠረዥ። አብዛኛው አልጋ ሥር ገብቶ ቀርቷል። ከጠረጴዛው ያልወረደው ቀዩ ሰዓት ብቻ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ነጭ ፊቱ ላይ እስከ 60 ደቂቃ ተጽፎበታል። መሐሉን ይዛችሁ ስታዞሩት ቀይ ቀለም ይወጣል፤ 20 ላይ ብታቆሙት የክቡ ሲሶ ይቀላል። ከዚያ ቀዩ ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሄድና ሲያልቅ ይጮኻል። በቃ። ሰዓት ማንበብ ያልለመደ ልጅም ይገባዋል።

ኤዲኤችዲ ያለባቸው ብዙ ልጆች ጊዜው ምን ያህል እንደሄደ መገመት ይቸግራቸዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ራስል ባርክሌይ ችግሩን ጊዜ ካለማየት ጋር ነው የሚያያይዙት። እንዲህ ላለ ልጅ «አሥር ደቂቃ ቀረህ» ቢሉት ጆሮው ላይ ያልፋል። ቀይ ሆኖ ሲያየው ግን ሌላ ነው። የኔው በየጥያቄው መሐል «እማዬ፣ ስንት ቀረኝ?» ይል ነበር። አሁን ቀና ብሎ ያይና ወደ መደመሩ ይመለሳል። (ሁልጊዜ አይደለም። እርሳስ ልቅረጽ ብሎ ተነስቶ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ የማገኘው ቀን ሞልቷል።)

ብዙ አልሞላውም፤ ለቤት ሥራ 15፣ ለዕረፍት 5። እንዲያውም የወደድኩት ለዕረፍቱ ነው። «ጨዋታ በቃ» የሚለው ሰዓቱ እንጂ እኔ ስላልሆንኩ ጭቅጭቃችን ቀንሷል።

እንከን አለው። ደወሉ ያስደነግጣል፣ ድምፅ መቀነሻም የለውም፤ እኔ ስፖንጅ ለጥፌበታለሁ። ድምፅ የሚረብሸው ልጅ ካላችሁ ደወሉ የሚጠፋውን ዓይነት ፈልጉ። ፊቱም ክዳን የለውም። ልጁ ሆዬ ዞር ስል በጣቱ ገፋ እያደረገ 15ቱን 8 ማድረግ ተምሯል! ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ግን ግልጽ ክዳን ያለውን ግዙ።

ትምህርት ቤትም አንድ ወስደን ነበር። መምህርቷ መጀመሪያ እሱ ዴስክ ላይ አስቀመጡለት። ጓደኞቹ ከበው ሲያዩት አፈረ፣ ቦርሳው ውስጥ ደበቀው። ኋላ ሰሌዳው አጠገብ ሰቀሉትና የሁሉም ሆነ። አሁን የክፍል ሥራ ሲሰጥ ሁሉም ልጅ ያየዋል፣ እሱም ከነሱ ጋር። ለልጃችሁ ትምህርት ቤት የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ከመምህሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለሁሉም ልጅ ግን አይሆንም። የእህቴ ልጅ ዲስሌክሲያ አለባት፣ ማንበብ ይከብዳታል። አንድ ቀን ሰዓቱን አጠገቧ አድርገን ስታነብ ዓይኗ ከቀዩ ላይ አልነሳ አለ፤ የምታውቀውን ቃል ሳይቀር ተደናቀፈችበት። እንደሷ ላሉ ተማሪዎች በፈተና ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ለንባብ አልመክርም። ጠዋት ለመልበስና ቦርሳ ለማዘጋጀት ከሆነ እሷም ወዳዋለች፤ እናቷ ክዳን ያለውን ገዝታላታለች።