ዲኤስኦ 138 ኦሲሎስኮፕ፦ ለመኪና አምፕ ጌይን ማስተካከያ ይበቃል?

ዲኤስኦ 138 ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ 2.4 ኢንች ስክሪን ያለው ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድን ቅርጽ የሚያሳይ መለኪያ ነው። የሠራው የቻይናው ጄዋይኢ ቴክ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ ነው፤ ገዢው ራሱ ይበይደዋል። አንድ ቻናል ብቻ አለው፣ ከ200 ኪሎ ሄርዝ በላይም አያይም። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ ስለሆነ ለመኪና ድምፅ ይህ ይተርፋል። እዚህ የምንመዝነው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ስፒከር ሳይቃጠል የአምፑ (የድምፅ ማጉያው) ጌይን የት ላይ መቆም እንዳለበት ያሳያል ወይ? ያሳያል፣ በደንብም ያሳያል። ነገር ግን አንድ ፕሮብ (የመለኪያ ገመድ) እና ትክክለኛ ባትሪ ካልተጨመረለት ወይ ያሳስታል ወይ አምፑን ያበላሻል።

ጌይን ብዙዎች እንደሚያስቡት የጉልበት ማዞሪያ አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ቮልቴጅ ከአምፑ ጋር የሚያስማማ ነው። ቴፑ 4 ቮልት እያወጣ ጌይኑን 0.2 ቮልት የሚለው ጫፍ ላይ ማድረስ አምፑን ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። አምፑ ከአቅሙ በላይ ቮልቴጅ መስጠት ስለማይችል የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ጠፍጣፋ ይሆናል። ክሊፕ አደረገ የሚባለው ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ ካሬ እስኪሆን የተቆረጠ ሞገድ፣ በከፍታ ከሚስተካከለው ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል ይሸከማል፤ 100 ዋት የተባለ አምፕ እስከ 200 ዋት ድረስ ወደ ስፒከሩ ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ሊልክ ይችላል ማለት ነው። «ክሊፕ ሲያደርግ ዲሲ (አቅጣጫ የማይለውጥ ኤሌክትሪክ) ይሆናል፣ ኮኑ ቆሞ ስለሚቀር ይቃጠላል» የሚለው አባባል ግን ትክክል አይደለም። የኮይሉን ሙጫ የሚያላላውና ሽፋኑን የሚያቃጥለው የአማካይ ኃይሉ መጨመር ነው። ትዊተር (የቀጭን ድምፅ ስፒከር) ላይ ጉዳቱ ይከፋል፤ የተቆረጠው ሞገድ ዋናው ሙዚቃ ውስጥ ያልነበሩ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን ይፈጥርና ድምፁን ለየስፒከሩ የሚከፋፍለው ክሮስኦቨር በቀጥታ ወደ ትዊተሩ ያሳልፋቸዋል።

መልቲሜትር አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። የታወቀው ዘዴ ዋቱን በኦም አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው፤ ለ100 ዋት በ4 ኦም 20 ቮልት ይመጣል። ችግሩ መልቲሜትር ቁጥር እንጂ ቅርጽ አለማየቱ ነው። ካርቶኑ ላይ 300 ዋት በ4 ኦም የተጻፈበት፣ በተግባር ግን 180 ዋት ብቻ የሚወጣው አምፕ አስቡ። ስሌቱ 34.6 ቮልት ድረስ ከፍ አድርጉ ይላል፤ አምፑ ግን 26.8 ቮልት ላይ መቆረጥ ጀምሯል። የተቆረጠ ሞገድ አማካይ ቮልቴጅ ከዚያም በላይ ስለሚያድግ የመልቲሜትሩ ቁጥር ሳይቆም ወደ ላይ መሄዱን ይቀጥላል። ዲኤስኦ 138 ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ምንም ይበል፣ ጠፍጣፋው ጫፍ ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊት ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ድክመቱ እንምጣ። የመሣሪያው ትልቁ ስኬል በአንድ ካሬ 5 ቮልት ነው፤ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች 8 ካሬ አለው። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ቮልት ብቻ ያሳያል። ይህ በመልቲሜትር ቋንቋ 14 ቮልት ገደማ ነው፣ በ4 ኦም 50 ዋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ሞገድ ራሱ ኦሲሎስኮፑ ይቆርጠዋል፤ አምፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ክሊፕ ያደረገ ይመስላል። ከዚህም በላይ መግቢያው የሚችለው እስከ 50 ቮልት ጫፍ ነው፤ በ2 ኦም 1500 ዋት የሚሰጥ አምፕ ጫፉ 77 ቮልት ይደርሳል። መፍትሔው በአሥር የሚያካፍል ፕሮብ ለብቻው መግዛት ነው፤ አብሮት የሚመጣው መቆንጠጫ ያለው ገመድ ቮልቴጁን አይቀንስም። በአሥር በሚያካፍለው ፕሮብ ስክሪኑ ላይ የምታነቡትን ሁሉ በ10 ታባዛላችሁ። የጠፍጣፋው ምንጭ ያጠራጠራችሁ እንደሆነ ስኬሉን ወደሚቀጥለው ከፍተኛ ደረጃ ቀይሩት። ጠፍጣፋው ከጠፋ የኦሲሎስኮፑ ነበር፤ ሞገዱ አንሶም ጠፍጣፋው አብሮት ከቀረ የአምፑ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራቱ ነው። መሣሪያው 9 ቮልት ይፈልጋል፣ ከ12 ማለፍ የለበትም። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ሶኬት 14 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በቀጥታ አይሆንም። ቮልቴጁን በመቀነሻ ብታወርዱትም ሌላ አደጋ አለ፦ የፕሮቡ ግራውንድ ከመሣሪያው ኔጌቲቭ ጋር አንድ ነው፣ ያ ደግሞ በሶኬቱ በኩል ከመኪናው ቦዲ ጋር ይገናኛል። ብሪጅ የተደረገ (ሁለት ቻናሉ ለአንድ ስፒከር የተጣመረ) አምፕ፣ እንዲሁም ብዙ የክላስ ዲ አምፖች (በፍጥነት እየበሩ እየጠፉ የሚሠሩ)፣ የስፒከር ኔጌቲቫቸው ግራውንድ አይደለም፣ ሞገድ የሚወጣበት ነው። ግራውንዱን እዚያ ስትቆነጥጡ መውጫው ሾርት ሆነ ማለት ነው። ስድስት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 9 ቮልት ይሰጣሉ፣ መሣሪያውም ከመኪናው ጋር አይነካካም። ትንሿ ባለ 9 ቮልት ባትሪም ትሠራለች፤ መሣሪያው ወደ 120 ሚሊ አምፒር ስለሚስብ ግን ቶሎ ትደክማለች።

ሥራው የሚጀምረው ስፒከሮቹን ከአምፑ በመንቀል ነው። የሙከራ ቶን በሙሉ ኃይል ለደቂቃዎች መልቀቅ በራሱ ኮይል ያቃጥላል። ቴፑ ላይ ኢኳላይዘሩን ዜሮ አድርጉ፣ ላውድነሱን አጥፉ፤ አምፑ ላይ ባስ ቡስቱ ዜሮ፣ ጌይኑም መጨረሻው ዝቅታ ላይ ይሁን። ለሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ከሆነ ቶኑን እንዳይቀንሰው ሎው ፓስ ፊልተሩን (ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን) ወደ ላይኛው ጫፍ ውሰዱት። መኪናውን ደጅ ላይ አቁማችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ ብዙ አምፖች 12.4 ቮልት ላይ ከ14 ቮልት ቀድመው ይቆረጣሉ። ሞተር አጥፍቶ ረጅም ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው ግን ሞተሩ ጠፍቶ ቢያስተካክል ይሻለዋል። ቶኑ ለሰብዉፈር 50 ሄርዝ፣ ለሌሎቹ 1000 ሄርዝ፣ 0 ዴሲቤል (ፋይሉ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን)፣ በዋቭ ፋይል በዩኤስቢ ይጫወት። በብሉቱዝ አይሁን፤ የስልኩ ድምፅና ኢኳላይዘር ልኬቱን ያዛባሉ።

መጀመሪያ የሚለካው አምፑ ሳይሆን ቴፑ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህን ነው። የፕሮቡን ማዞሪያ በአንድ (ሳያካፍል) ላይ አድርጋችሁ ከቴፑ ወደ አምፑ የሚሄደውን የአርሲኤ ገመድ መሃል ፒንና ዙሪያውን ያዙ። የመጋጠሚያውን ሲዊች ኤሲ ላይ፣ ስኬሉን በካሬ 2 ቮልት፣ ጊዜውን ለ50 ሄርዝ በካሬ 5 ሚሊ ሰከንድ ብታደርጉ ሦስት ሙሉ ሞገድ ታያላችሁ። ድምፁን አንድ አንድ ቁጥር እየጨመራችሁ ሂዱ፤ ጫፉ ሲደነዝዝ ሁለት ቁጥር ተመለሱና ቁጥሩን ጻፉት። መጨረሻ ድረስ የማይቆረጥም ቴፕ አለ።

ከዚያ ድምፁን እዚያው ቁጥር ላይ ትታችሁ ፕሮቡን ወደ አሥር ቀይሩና የአምፑን የስፒከር መውጫ ያዙ። ጌይኑን በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ አድርጉ፤ የፀጉር ያህል መዞር ብዙ ቮልት ይለውጣል። መጀመሪያ የሞገዱ አናት በብርጭቆ ወረቀት እንደተነካ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ መስመር ይሆናል። አንዳንዴ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ቀድሞ ይቆረጣል፤ ቀድሞ የተቆረጠውን ተከተሉ። አናቱ እንደገና ሲከብብ አቁሙና ከዚያም ጥቂት ዝቅ አድርጉ፣ ዓይን የሚያየው የሞገዱ መዛባት ጥቂት በመቶ ሲደርስ ነውና። ክላስ ዲ አምፕ ላይ መስመሩ ወፍሮ ጸጉራም ቢሆን አትደንግጡ፤ የአምፑ የውስጥ ስዊቺንግ ቅሪት ነው፣ የምትመለከቱት አጠቃላይ ቅርጹን ነው።

ስፒከሩ ከአምፑ ያነሰ አቅም ካለው ግን ንጹሕ ሞገድም አያድነውም። 100 ዋት በ4 ኦም ለሚችል ስፒከር ከጫፍ እስከ ጫፍ 56.6 ቮልት ላይ ቁሙ፤ ስክሪኑ ላይ 5.66 ይነበባል።

ሙዚቃ እንደ 0 ዴሲቤል ቶን ያለማቋረጥ ጣሪያ ላይ ስለማይቆይ ይህ አስተካከል ለአንዳንድ ጆሮ ዝቅ ይላል። ሰብዉፈሩ ከአምፑ የበለጠ አቅም ካለው በ-5 ዴሲቤል ቶን ማስተካከል ይቻላል፤ ኃይለኛ ባስ ላይ አልፎ አልፎ መቆረጥ ይኖራል። ለትዊተር ግን አንመክረውም።

ስለ ብየዳው ጥቂት፦ መብራት ሰጥታችሁ 3.3 ቮልት መኖሩን ሳታረጋግጡ ቦርዱ ላይ ጄፒ 4 የተባለውን ክፍት መጋጠሚያ በሳልደር አትዝጉ። ገበያው ላይ ከዋናው የተቀዱ ቦርዶች ሞልተዋል፣ ጄዋይኢ ቴክም ራሱ ያስጠነቅቃል፤ በድረ ገጹ ላይ ያሉትን የመለያ ምልክቶች አስተያይታችሁ ግዙ። በይዶ የማያውቅ ሰው የተገጣጠመውን ይውሰድ።

ሲጨረስ ፊልተሩን ወደ ቦታው መልሱ፣ ጌይኑ የቆመበትን በቀለም ምልክት አድርጉ። ባስ ቡስቱን ግን ዜሮው ላይ ተዉት፤ 6 ዴሲቤል ብትጨምሩ በዚያ ፍሪኩዌንሲ አራት እጥፍ ኃይል ስለሚጠይቅ ሰዓት የፈጀው ልኬት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።