የፓናማ ጌሻ ወይስ የአገራችን ጌሻ?

ሁለቱም የቡና ከረጢቶች ላይ የዝርያው ስም «ጌሻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዋጋቸው ግን አይቀራረብም። የፓናማውም ቢሆን መነሻው እኛው ጋ ነው። ዘሩ በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተለቅሞ፣ በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ፓናማ ተተከለ። ምርቱ አነስተኛ ስለሆነ ገበሬው ብዙም አልወደደውም። በ2004 ሐሲዬንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው የፓናማ እርሻ ባለቤቶች የላይኛውን ማሳ ለብቻው ለቅመው ለውድድር ሲያቀርቡት ግን ዓለም ጉድ አለ። በ2025 የዚያው እርሻ የታጠበ (ከመድረቁ በፊት ገለባው የተላጠ) ጌሻ በጨረታ ኪሎው 30,204 ዶላር ወጣ፤ የወሰደው የዱባይ ገዢ ነው። አይደንግጡ፣ ሱቅ የሚያገኙት ያንን አይደለም።

የፓናማው የሚበቅልበት ቦኬቴ የተባለ አካባቢ፣ 3,474 ሜትር ከፍታ ባለው የባሩ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ነው። አፈሩ አመድ ያዳበረው፣ ውኃ የማያቁር ነው። «ባሃሬኬ» የሚሉት እንደ ካፊያ የረቀቀ ጭጋግ ማሳውን ያለብሰዋል፤ ሌሊቱም ስለሚበርድ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ጥሩ የታጠበ የቦኬቴ ጌሻ ገና ውኃ ሲነካው የጃስሚን አበባ ይሸታል፤ ለብ ሲል የብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። ውፍረት አይጠብቁ፣ ወደ ሻይ የሚያደላ ቡና ነው።

የአገራችን በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን በኩል ካለው ጫካ ዳር፣ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ጥልቅ ቀይ አፈር ላይ በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ከነገለባው የደረቀው ኮክና እንጆሪ የሚያስታውስ ጣፋጭነት አለው፤ አፍም ይሞላል። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከፓናማው በጣም ያንሳል። ለኔ ገንዘቡን የሚያወጣው ይሄኛው ነው። የፓናማውን የምመክረው በወረቀት ማጥለያ ለሚያፈላና የአበባ ሽታ ለሚያሳድድ ብቻ ነው፤ እሱም 100 ግራም ገዝቶ ይሞክር።

የቱንም ቢገዙ ከረጢቱ ላይ የእርሻው ስም፣ ከፍታው፣ የታጠበ ወይም ከነገለባው የደረቀ መሆኑና የተቆላበት ቀን ከሌለ ይለፉት። «ጌሻ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግርዎትም።

ለጀበና ከሆነ ሁለቱንም ይተዉ። እስኪጠቁር ሲቆላ ያ ሁሉ ሽታ ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያው ብር ብዙ ኪሎ ጥሩ የሊሙ ወይም የሐረር ቡና ይገኛል።