ለቤትም ለድንኳንም፦ የትኛውን የካስት አይረን ዕቃ እንግዛ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውላ «አክስቴ፣ ካስት አይረን ልገዛ ነው። መጥበሻውን ልያዝ ወይስ ባለ እግሩን ድስት?» አለችኝ። ሐዋሳ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። በአዘቦት ቀን በኤሌክትሪክ ምድጃ ታበስላለች። መብራት ሲጠፋ ከሰል ታያይዛለች። አልፎ አልፎ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ድንኳን ይዘው ላንጋኖ ያድራሉ። በስልክ አጭር መልስ ሰጠኋት። ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ካስት አይረን ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው። ዕቃው ርካሽ አይደለም፣ ከባድም ነው። በደንብ ከተያዘ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

መቼም «ካስት አይረን ቶሎ ይግላል» ሲባል ሰምታችኋል። ተቃራኒው ነው። ሙቀት በማስተላለፍ አሉሚኒየም በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ካስት አይረን ቀስ ብሎ ይግላል፣ የያዘውን ሙቀት ግን በቀላሉ አይለቅም። ቀጭን መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ሥጋ ስትጨምሩ ብረቱ ወዲያው ይበርዳል፣ ሥጋውም ውኃውን ይለቃል። ጥብስ ብላችሁ የጀመራችሁት ቅቅል ይሆናል። ካስት አይረኑ ላይ ግን ቸስ እንዳለ ይቀጥላል። ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለዚህ ነው።

ጥቁሩ መጥበሻ

ሽፋን የሌለው፣ ተራው ጥቁር መጥበሻ ማለቴ ነው። የተለመዱት መጠኖች ወደ 26 እና ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው። 26ቱ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። 30ው 3 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ብቻ ነው፤ ዓሣ ሞልታችሁበት በአንድ እጅ ስታነሡት ግን ክንዳችሁ ይነግራችኋል። ደግሞም የኤሌክትሪክ ምድጃችን ክብ ጠባብ ነው። ሰፊውን ስትጥዱበት መሐሉ ያሳርራል፣ ዳርና ዳሩ ገና ለብ እንዳለ ነው። ለቤት 26ቱን ያዙ።

እኔ መጥበሻ የምፈትነው በዓሣ ነው። ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ ሁለት መካከለኛ ቆሮሶ አስጠርጌ እመጣለሁ። ጎንና ጎናቸውን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አደርጋለሁ። ጨው ነስንሼ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃቸዋለሁ። መጥበሻውን ባዶውን መካከለኛ ሙቀት ላይ ስምንት ደቂቃ ያህል አሞቀዋለሁ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ዓሣ። ከዚያ እጄን እሰበስባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ብትነኩት ቆዳው ብረቱ ላይ ይቀራል። አራት አምስት ደቂቃ ስትታገሱት ግን ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ ዓሣውም ራሱ ይለቃል። በጭልፋ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይንሸራተታል። ገና ከያዘ ገና አልደረሰም ማለት ነው፤ አትታገሉት።

ቆጮም እዚሁ ላይ ያምራል። ቡና ግን አትቁሉበት። የዓሣው ሽታ ቡናው ላይ ያድራል። ለቡና የራሱ ምጣድ ይኑረው።

ድክመቱ ኮምጣጣ ነገር ነው። ቲማቲም የበዛበት ሥጎ ሰዓት ሙሉ ብታንተከትኩበት ከዘይት የተሠራውን ጥቁር ልባስ ይበላዋል። ወጡም ብረት ብረት ይላል። ጥብስ ላይ መጨረሻ የሚጨመር ቲማቲም ወይም ጠብ የምትል ሎሚ ምንም አታደርገውም።

ስለ ልባሱ ካነሣን፣ ይሄን ነገር እንደ አዲስ ጥበብ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። እናቶቻችን ግን ለዚህ ስም አላቸው፦ ማሟሸት። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እየታሰሰ እንደሚሟሸው ነው። ልዩነቱ ሸክላ ዘይቱን ይጠጣል፤ ብረት ላይ ግን ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ጠንካራ ጥቁር ቆዳ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የኛው ኑግ ዘይት ግሩም ነው። ከሦስት እጁ ከሁለት እጅ በላዩ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ስብ ነው፤ በሙቀት የሚደርቀውና የሚጠነክረውም እሱ ነው። ኑግ ካጣችሁ ሱፍ ይሆናል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ተዉት፣ በደንብ አይደርቅም። በጨርቅ በስሱ ቀቡት፣ ከዚያ ደረቅ እስኪመስል ጥረጉት። ካበዛችሁት እንደ ማር ይጣበቃል። ኦቨን ካላችሁ በ230 ዲግሪ አንድ ሰዓት ነው። ከሌላችሁ ደጅ አውጥታችሁ ከሰል ላይ ጭሱ እስኪያልቅ አቆዩት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። «ተሟሽቷል» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ እንኳ አንድ ሁለት ዙር ይፈልጋል።

ባለ ሦስት እግሩ ድስት

ጉልቻውን ይዞ የሚዞር ድስት በሉት። ሜዳ ላይ ድንጋይ ፍለጋ አትንከራተቱም፤ ፍሙን ከሥሩ አስገብታችሁ ትቀጥላላችሁ።

ሁለት ዓይነት ስለሆነ ግን አትሳሳቱ። አንደኛው ሆዱ የተነፋው፣ በደቡብ አፍሪካ ፖይኪ የሚሉት ነው። ወጥና ቅቅል ይችልበታል። ክዳኑ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ፍም ሲያስቀምጡበት ይንከባለላል። ሌላው ታቹ ጠፍጣፋ፣ ክዳኑም ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ነው። ይሄኛው ፍም ይሸከማል። ድፎ ዳቦ ከላይ እሳት ከታች እሳት አይደል የሚፈልገው? ኮባ አንጥፉበት፣ ሊጡን ገልብጡ፣ በኮባ ሸፍናችሁ ክደኑት። ከፍሙ ሁለቱን እጅ ከላይ፣ አንዱን እጅ ከሥር አድርጉ። ብዙ ሰው ከሥር ያበዛና ታቹን ያሳርረዋል። በየመሐሉ ድስቱንና ክዳኑን ዞር ዞር ማድረግም አትርሱ፤ ፍም በአንድ በኩል ይበረታል።

ጉዳቱ ክብደቱ ነው። 30 ሴንቲ ሜትሩ ከነክዳኑ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይሆናል። መኪና ለሌለው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ቤት ውስጥ ደግሞ እግሩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አያስቀምጠውም። በዓመት ሁለቴ ለሚወጣ ሰው ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም። በየወሩ እየወጣችሁ ለስምንት ለአሥር ሰው የምታበስሉ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት ግዙት።

ኢናሜሉ

ከላይ በቀለም ያሸበረቀው ነው። ሥራው የቆየ ነው፤ ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ሌ ክሩዜ ከ1925 ጀምሮ ይሠራዋል። ሽፋኑ ብረቱ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አዋዜ አይፈራም። ማሟሸት አያስፈልገውም፣ አይዝግም። ምስር ወጥና ዶሮ ወጥ ረጋ ብሎ ለሚሠራበት ቤት ከሁሉ የተሻለው ይሄ ነው።

ሜዳ ግን አታውጡት። የኔን ልንገራችሁ። ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ድስት ሻጩ «ለማንኛውም እሳት ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ከሰል ላይ ጥጄ ሽንኩርት እስክከትፍ ባዶውን ረሳሁት። ደንግጬ ቀዝቃዛ ውኃ ጨመርኩበት። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከታቹ የጥፍር ስፋት ያላት ቅርፊት ተነሣች። ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ደግሞ ሌላ ቅርፊት ወጥ ውስጥ አገኘሁ። የብርጭቆ ስባሪ ስለሆነ ድስቱን ለምግብ መጠቀም አቆምኩ። ባዶውን ማጋል፣ ድንገት ማቀዝቀዝ፣ በብረት ማንኪያ መፋቅ ሦስቱም ይገድሉታል። ጥቁሩም ቢሆን በቀዝቃዛ ውኃ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልባሱ ብቻ ከተላጠ ግን እንደገና ይሟሻል።

ለእህቴ ልጅ ያልኳት

ጥንዱን ያዢ አልኳት። ጥልቅ ድስት ነው፤ ክዳኑ ሲገለበጥ መጥበሻ ይሆናል። ሁለቱም ሽፋን የሌላቸው ጥቁር ናቸው። እግር ስለሌለው ምድጃ ላይም ከሰል ላይም ይቀመጣል። ሦስት ሊትር የሚይዘው ለአራት ሰው ይበቃል። ላንጋኖ ዳር ድስቱ ቅቅሉን ይዞ ሳለ መጥበሻው ዓሣ ይጠብሳል። አንድ ላይ ከ5 ኪሎ በላይ ነው፤ ተለያይቶ በሁለት ሰው ቦርሳ ይገባል። እንከንም አለው። ተገልብጦ ሲከደን ጀርባው ላይ ፍም የሚይዝ ጠርዝ የለውም፣ ሲከፈት አመድ ሊገባ ይችላል። ለድፎ ዳቦ ባለ እግሩን አያህልም። ቲማቲም ለበዛበት ወጥ ያላትን ሸክላ ድስት ትጠቀም፤ ኢናሜል መግዛት አያስፈልጋትም።

ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ጥቁር የተቀባ ወፍራም አሉሚኒየም ካስት አይረን ተብሎ ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ ማግኔት አይዝም። ከዚያ በቁልፍ መታ መታ አድርጉት፣ ልክ ገበያ ላይ ሸክላ እንደምትፈትኑት። ጥርት ያለ ድምፅ ደኅና ነው። የታፈነ ድምፅ ካለው ስንጥቅ ፈልጉ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ዳሩን ተጫኑት። ከተንገዋለለ ምድጃ ላይም ይንገዋለላል። ክዳኑን እያዞራችሁ ግጠሙት፣ በየትኛውም በኩል ክፍተት አይኑረው። ያገለገለ ስታገኙ ዝገቱ አያስፈራችሁ። በሽቦ ተፈግፍጎ፣ ታጥቦ፣ እሳት ላይ ደርቆ እንደ አዲስ ይሟሻል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካያችሁበት ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።