«ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ተጠንቀቁ (ባሕር ዳር)

ይህን የምጽፈው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የልጄ ጊኒ ፒግ ሰርገኛ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተች። ከሸጠልኝ ሰውዬ ሱቅ ተመልሼ ከገባሁ ደግሞ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ለልጆቻችሁ ጊኒ ፒግ ወይም ሃምስተር (ቤት ውስጥ የሚያኖሯቸው አይጥ መሰል ትንንሽ እንስሳት) ለመግዛት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

እነዚህን ነጋዴዎች ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ አጭር ቪዲዮ ይለቃሉ፤ ዋጋ ከጠየቃችሁ መልሱ «ኢንቦክስ» ነው። ሱቁ ስትሄዱ ወንበር ይስባል፣ የልጃችሁን ስም ይጠይቃል፣ ከዚያ እንስሳውን አንስቶ እቅፏ ላይ ያስቀምጥላታል። ልጅ አንዴ ካቀፈች በኋላ እንኳን ዋጋ መከራከር ጥያቄ መጠየቅም ይከብዳል። እሱም ይህን ያውቃል።

እኔ የገዛሁት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በጥሩ ውጤት ካለፈች እገዛልሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ሁለት ጊኒ ፒጎች ነበሩ፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቡናማና ነጭ የተቀላቀለባት። ገና ባጃጅ ውስጥ ሳለን ስም አወጣችላቸው። ነጯን ማኛ፣ ዝንጉርጉሯን ሰርገኛ አለቻቸው። አያቷ ጤፍ ስታበጥር ከሥሯ ስለማትጠፋ የጤፍ ስም ነው የመጣላት።

ከመክፈሌ በፊት ጠይቄዋለሁ። ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጠይቄዋለሁ። «እኔ ማራባት አልፈልግም፣ እንዳይወልዱብኝ» አልኩት። «ኧረ እርስዎ ደግሞ፣ እህትማማቾች እኮ ናቸው፤ ሁለቱም ሴት» አለኝ። ነጯን አነሳና ሆዷን ወደ እኔ አዞረልኝ። አውራ ጣቱ ከኋላ እግሮቿ መሃል ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ዛሬ ግን ከዓይኔ ላይ አልጠፋ ያለኝ ያ አውራ ጣት ነው። ዕድሜያቸውን ስጠይቀው «ነጯ አምስት ወሯ፣ ዝንጉርጉሯ ስምንት ወሯ ነው። ወልዳ አታውቅም፤ ጠና ያለች ስለሆነች ደግሞ በቀላሉ አትሞትብዎትም» አለኝ። ኬጁን ጨምሮ 7,500 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ የለም።

ኬጁ ርዝመቱ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም፤ ወለሉም ሽቦ ነው። «በጠጣቸው ወደ ታች ስለሚወርድ ቤት አይሸትብዎትም» አለኝ። ለምግብ ፉርሽካና ደረቅ ዳቦ ይበቃቸዋል አለ። ከታመሙ ደግሞ ይህን ከውሃ ጋር በጥብጠው ይስጧቸው ብሎ በላስቲክ የተጠቀለለ የሰው አሞክሳሲሊን ሰጠኝ። እኔም እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥሬ አመስግኜ ተቀበልኩት።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። ማኛ በመጣ በሳምንቱ ሰርገኛን እየተከተለ፣ ወገቡን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ፣ ከጉሮሮው እንደ ሞተር የሚንዶቆዶቅ ድምፅ እያወጣ ይዞራት ጀመር። እኔ «ይጨፍራሉ» ብዬ ቪዲዮ ቀርጬ ለእህቴ ላክሁላት። ወንዱ ሴቷን ሲፈልግ የሚያደርገው እንደሆነ ያወቅሁት ዛሬ ነው። ሚያዝያ ላይ ሆዷ እየሰፋ ሲመጣ ደስ አለኝ፤ ወፈረችልኝ ብዬ ለነጋዴው ራሱ ፎቶዋን ላክሁለት። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ስልኬ ላይ አሁንም አለ። «ተስማምቷታል፣ ይበርቱ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ልብ አለው።

ሰኞ ማታ ምግብ እምቢ አለች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቼ ስነሳ ጥግ ይዛ ታምጣለች፤ ከሥሯ ሽቦው ደም ነክቶታል። በዚያ ሰዓት የት ትወስዷታላችሁ? ፎጣ አንጥፌላት፣ ኬጁን ከፍቼ እቅፌ ውስጥ ይዣት ቁጭ አልኩ። ስትገዛ ከወፍ ድምፅ የሚቀጥን ፉጨት ነበራት፤ ጎመን የያዘ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ቤቱን ትሞላው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ግን ጥርሷን ከማንገጫገጭ በቀር ምንም አላለችም። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ጸጥ አለች። ልጄ ተኝታ ነበር፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጠዋት ሁለቱንም ይዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክመው ከብትና ውሻ እንደሆነ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ስልክ ደውሎ ሌላ ሐኪም አማክሮ ነው የነካት። ሆዷ ውስጥ ሦስት ነበሩ። ጸጉራቸው የሞላ፣ ጥርስ ያበቀሉ። የጊኒ ፒግ ልጅ እንደ አይጥ ልጅ ራቁቱን፣ ዓይኑ ተከድኖ አይወለድም። እናቱ ሆድ ውስጥ ከ59 እስከ 72 ቀን ስለሚቆይ ዓይኑን ገልጦ፣ ለመሮጥ የደረሰ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለእናቱ ገላ ትልቅ ነው። እንዲወጣ ከዳሌዋ አጥንት ፊት ለፊት ያለው መገጣጠሚያ ላላ ብሎ መከፈት አለበት። ሴቷ ስድስት ሰባት ወር እስኪሆናት ድረስ አንድም ጊዜ ካልወለደች ግን መገጣጠሚያው ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ እርግዝና ብዙ ጊዜ ገዳይ ነው። «ስምንት ወሯ ነው፣ ወልዳ አታውቅም» ያለኝን አስታውሱ። ጥንካሬዋ ብሎ የሸጠልኝ ነገር የሞቷ ምክንያት ነው።

ከዚያ እግሯን ገልብጦ አሳየኝ። ውስጥ እግሯ ቆስሎ አብጧል። ሽቦ ላይ ስትውልና ስታድር የቆሰለ ነው። እኔ 67 ቀን ሙሉ በየቀኑ ሳያት አንድ ቀን እንኳን እግሯን አላየሁም። የማኛም እንዲሁ ጀምሯል። የማኛን ሆድ ከብልቱ ከፍ ብሎ በጣቱ ቀስ አድርጎ ጫን ሲለው ወንድነቱ ወጥቶ ታየ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ማንም እንስሳ የሚነግድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

አሞክሳሲሊኑን ሳሳየው ደግሞ ዶክተሩ ፊቱ ተለወጠ። የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት ጊኒ ፒግ ሆድ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጨርሶ መርዘኛውን እንዲራባ ያደርገዋል፤ በቀናት ውስጥ ይገድላቸዋል። አንዴ ማኛ ሲያስነጥስ ልሰጠው ላስቲኩን ፈትቼ ነበር። ያተረፈው ልጄ ውሃ ደፍታብኝ መሬቱን ስጠርግ መርሳቴ ነው።

እና ሱቁ ሄድኩ። ከክሊኒኩ እስከዚያ ድረስ በልቤ ለሰውየው እከራከርለት ነበር። ምናልባት እሱም አላወቀ ይሆናል፣ ሐኪም አይደል፣ ለእሱም እንዲሁ ብለው ሸጠውለት ይሆናል እያልኩ። ገንዘቤን እንኳን ልጠይቀው አልነበረም። እንዲያውቅ ነበር የፈለግሁት።

ስደርስ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሌላ ደንበኛ ይዟል፤ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር። ልጁ የሞተ እንስሳ እንዳያይ ብዬ ካርቶኔን ይዤ በሩ ላይ ቆየሁ። እናትየዋ ከፍላ ወጣች። ገባሁ።

«ሞተችብኝ» አልኩት።

ከዚህች አንዲት ቃል በቀር ምንም አልተናገርኩም። ካርቶኑን አልከፈትኩም፤ እርግዝናም፣ ምጥም፣ ሐኪምም አላነሳሁም።

«ወንዱስ ደህና ነው?» አለኝ።

እንዲህ ነው ያለው። ከስልኩ ቀና ሳይል። እኔም «ደህና ነው» ብዬ መለስኩለት። አፌ ነው እንጂ ልቤ አልነበረም የመለሰው። ከዚያ ቃሉ ዞሮ መጣብኝ። ወንዱ? የቱ ወንድ? እኔ ከዚህ ሰው ሁለት ሴት ነው የገዛሁት። ማኛ ወንድ መሆኑን እኔ ራሴ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። እሱ ግን የካቲት ላይ ያውቅ ነበር። ሚያዝያ ላይ የሆዷን ፎቶ ስልክለትም ያውቅ ነበር። ያኔ «ነጥለሽ ወደ ሐኪም ውሰጃት» ቢለኝ ቢያንስ አንድ ዕድል ነበራት። ልብ ነው የላከልኝ።

«ሁለቱም ሴት ናቸው ብለኸኝ አልነበረም?» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ታዲያ ወንድና ሴት ነው ብልሽ ትወስጃቸው ነበር?»

አንቺ አለኝ። ከመክፈሌ በፊት እርስዎ ነበርኩ።

ከውስጥ የሚሠራው ልጅ ብቅ ብሎ ካርቶኑን አየና «ለአይጥ ነው እንዴ እንዲህ የምታለቅሺው?» ብሎ ሳቀ። ነጋዴው አልገሠጸውም፤ አብሮት ፈገግ አለ። ከዚያ ደግሞ እንደ በጎ ነገር ቆጥሮት «ሌላ ሴት በ2,000 ልስጥሽ፤ ወንዱ ብቻውን እንዳይሆን» አለኝ። ምን የምታክል ሴት? ስንት ወሯ? አልጠየቅሁትም። እግሬ ተሳሰረ። አንድ የሚያሳፍረው ቃል ሳልናገር፣ ካርቶኔን እንዳቀፍኩ ወጣሁ። ጣና ዳር ደርሼ ነው እንባዬ የመጣው።

ሱቁን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። አንዱን ብጠራ ሌላው ነገ ያንኑ ይሠራል፤ ቋንቋቸው አንድ ነው።

መግዛት ካለባችሁ የተነገራችሁን ሳይሆን ያያችሁትን እመኑ። አስገልብጣችሁ እዩ፤ ጣቱን አንሥቶ ያሳያችሁ። ከቻላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው። ወለሉ ሽቦ የሆነ ኬጅ አትግዙ፤ ለሁለት ጊኒ ፒግ ቢያንስ 120 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ደፍን የሆነ ቤት ያስፈልጋል፤ ለአናጢ ብትነግሩት ከኬጁ ዋጋ ባነሰ ይሠራላችኋል። ዋና ምግባቸው ድርቆሽ ነው፤ ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ስለሚያድግ ሲያኝኩት ነው የሚያልቅላቸው። ላም ከሚያረቡ ሰዎች በትንሽ ብር ታገኛላችሁ። እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ ሰውነታቸው አይሠራም፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ እርጉዝ ከሆነች እስከ 30 ያስፈልጋታል። ፉርሽካና ደረቅ ዳቦ ውስጥ የለም። የማያቃጥል ቃሪያ በየቀኑ ስጧቸው። የባሕር ዳርን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከ27 ዲግሪ ካለፈ ይታመማሉ፤ ቆርቆሮ ሥር ወይም በረንዳ ላይ አታስቀምጧቸው። ለብቻም አይኖሩም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጊኒ ፒግን ያለ ጓደኛ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። ለማኛ ጓደኛ እፈልግለታለሁ፤ ከዚያ ሱቅ ግን አይሆንም።

አሁን የጻፍኩበትን ዋናውን ልናገር። ዛሬ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ገደማ ከትንሽ ልጅሽ ጋር ከዚያ ሱቅ የወጣሽ እናት፣ ልጅሽ ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ በሩ ላይ ካርቶን አቅፌ የቆምኩት እኔ ነኝ። በጎኔ ስታልፊ የያዝሽውን አይቻለሁ፤ ሁለት ወርቃማ ሃምስተር በአንድ ጠባብ ኬጅ ውስጥ። ዝም ያልኩሽ ልጁ እንዳይደነግጥ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እነዚህ እንደ ጊኒ ፒግ አይደሉም። ወርቃማ ሃምስተር ካደገ በኋላ ሌላ ሃምስተር አጠገቡ አይወድም፤ ሌሊት ሌሊት ነው የሚነቁት፣ እስከ ሞት ይናከሳሉ። ጠዋት ልጅሽ ቀድሞ ነቅቶ እንዳያይ፣ ዛሬ ማታውኑ ለየብቻ አድርጊያቸው። ሌላ ኬጅ ከሌለሽ ጻፊልኝ፤ የእኔን ሽቦውን በሳንቃ ደፍኜ አመጣልሻለሁ።