ወንድሜን ከሥራ ላገናኙት ሰው፣ እግዜር ይስጥልን

እማዬ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው። አልተቀበሉም። «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ስጦታ መውሰድ አይፈቀድልኝም» ብለው በትሕትና መለሱት። እማዬ እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። እኔ ደግሞ ዳቦው ካልሆነ ምስጋናው በአደባባይ ይሁን ብዬ ይህን ጻፍኩ። እግረ መንገዴን ሥራ ፍለጋ ላይ ላላችሁ፣ በተለይ ከአሜሪካ ጦር ወጥታችሁ ግራ ለገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥቆማ ይሁናችሁ።

የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ከቤተሰብ ጋር መጣና ግሪን ካርዱን ይዞ ጦሩን ተቀላቀለ። እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው። በ2009 ጦሩ ግሪን ካርድ የሌላቸውን ሰዎች በቋንቋ ችሎታ መቀበል ሲጀምር አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ፕሮግራሙ በ2016 እስኪቆም ድረስ በዚያ በር የገቡ ልጆቻችን አሉ። የኔው ወንድም ፎርት ሊ ሠለጠነ፣ ከዚያ ቴክሳስ፣ ፎርት ብሊስ ተመደበ። ሥራው መጋዘን ነው፦ መለዋወጫ መቀበል፣ መመዝገብ፣ ለጠየቀው ክፍል ማድረስ። ጉልበቱን ተጎዳ፤ በክብር ተሰናብቶ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «እስኪ ለጊዜው ኡበር ንዳ።» «ፓርኪንግ ሰው ይፈልጋሉ፣ ልደውልልህ?» እኛ ሥራ የምንፈልገው በሰው በሰው ነው። አይከፋም፤ ስንቱ ቤቱን ያቆመው በዚሁ ነው። ግን ዘመድ የሚያስገባን ዘመድ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ኤርፖርት ሰው አለን፣ ታክሲ ሰው አለን፣ ሆቴል ሰው አለን። የትልቅ ሆስፒታል የዕቃ አቅርቦት ክፍል ውስጥ ግን ማን አለን? ማንም። ስለዚህ ሠራዊት ውስጥ መጋዘን ሲያስተዳድር የኖረ ልጅ መኪና አቁሞ ቁልፍ ሲቀበል ይውላል።

ጦሩ ራሱ ሲያሰናብት ዝም ብሎ አይለቅም። በ2011 በወጣ ሕግ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የሚወጣ ወታደር ሁሉ ስለ ሲቪል ሕይወት ሥልጠና የመውሰድ ግዴታ አለበት። ወንድሜም ወስዷል። ምን ተማርክ ብለው «ስላይድ» አለኝ። ሊወጣ የተቃረበ ወታደር ልቡ ቤቱ ነው፤ ማን ያዳምጣል።

መጀመሪያ የሄድንበት የመንግሥት ሥራ አገናኝ ቢሮ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። የቱ እንደሆነ አልናገርም። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «ኦንላይን ተመዝገቡና ጠብቁ» ብላ ሸኘችን። ቬተራን፣ ማለትም በጦሩ ያገለገለ፣ መሆኑን የጠየቀው ሰው የለም። ይህን የምነግራችሁ ለሐሜት አይደለም። በዚያው ተናደን ብንቀር ኖሮ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይቀርብን ነበር። ሌላ ቅርንጫፍ ሞከርን። እዚያ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በጦሩ አገልግለዋል? ይንገሩን» ይላል። ነገርናቸው። ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰዱንና ሽበት ካላቸው፣ በ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ከዘመቱ ሰውዬ ፊት አስቀመጡን።

ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ከሥራ አጥ አበል ቢሮ ጋር ያምታታዋል። «አሜሪካን ጆብ ሴንተር» ይባላል። በመላ አገሪቱ ወደ 2,300 ገደማ አለ። አብዛኛው ገንዘብ ከፌዴራል መንግሥት ነው የሚመጣው፤ ዋናው ሕግም በ2014 የወጣ ነው። ሥራውን የሚመራው ግን የአካባቢው ቦርድ ነው። በዚያ ቦርድ ላይ ከግማሽ በላይ የሚቀመጡት አሠሪዎች መሆን አለባቸው ይላል ሕጉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየትኛው ሙያ ሥልጠና ይከፈል የሚለውን ሲወስኑ ቀጣሪዎቹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አሉ ማለት ነው። አገልግሎቱ ለሥራ ፈላጊውም ለአሠሪውም ነፃ ነው። «አስመዘግብሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ሽሹ።

ቬተራን ደግሞ ቅድሚያ አለው። የ2002 ሕግ ነው። ለምሳሌ ለሥልጠና የተመደበው ገንዘብ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ቢሆንና ሁለት መስፈርቱን የሚያሟሉ ሰዎች ቢቀርቡ፣ ያገለገለው ይቀድማል። በማዕከሎቹ ለቬተራኖች የተመደቡ ሠራተኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወታደሩን ይዞ የሚሠራ ነው፤ በአገልግሎት ላይ አካል ጉዳት የደረሰበትን፣ መጠለያ የሌለውን፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ያለውን፣ በቅርቡ ወጥቶ ባለፈው ዓመት ውስጥ 27 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሥራ ያላገኘውን፣ እና የመሳሰሉትን። ሌላው ከአሠሪዎች ጋር የሚውል ነው፤ ስልክ ይደውላል፣ ድርጅት ይዞራል፣ «እንዲህ ያለ ሰው አለኝ» ይላል። የኛ ሰውዬ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። የወንድሜ ጉልበት ነው ከሳቸው ጋር ያገናኘን።

አሁን የሠሩትን ልንገራችሁ። የወንድሜን ሪዙሜ ተቀበሉ፣ አነበቡ፣ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ባዶ ወረቀት አወጡ።

«ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ምን ትሠራለህ?»

«መጋዘኑን እንከፍታለን።»

«ከዚያስ?»

«የተጠየቀውን ዕቃ እናያለን፣ እናወጣለን፣ እናስፈርማለን።»

«ቆጠራ ላይ ዕቃ ቢጎድል ማን ይጠየቃል?»

«እኔ።»

ሰውዬው እስኪርቢቷቸውን አስቀመጡና ሳቁ። «እስካሁን 'እኛ' ስትለኝ ቆየህ። ሲጎድል ብቻ 'እኔ' ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ ሲሞላም 'እኔ' በል» አሉት። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ሳቄ መጣ። የኛ ቤት አስተዳደግ እኮ ነው። «እኔ ይህን ሠራሁ» ማለት ጉራ ነው የሚመስለን። አሜሪካዊ ቀጣሪ ፊት ግን ያልተናገሩት ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።

በዚያች ወረቀት ላይ ስንት ሰው ይታዘዘው እንደነበር፣ ስንት ዓይነት ዕቃ በእጁ ያልፍ እንደነበር፣ በየትኛው የኮምፒውተር ሲስተም ይመዘግብ እንደነበር አንድ በአንድ አወጡት። የቀድሞው ሪዙሜ ቁጥርና ምሕጻረ ቃል ብቻ ነበር፤ ወታደር ካልሆነ ሰው አያነበውም። አዲሱን ያየ የሆስፒታል ሰው ግን ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ሲቀጥል የኢንተርቪው ልምምድ ሆነ። «ስለ ራስህ ንገረኝ» ሲሉት ወንድሜ «የተወለድኩት ደሴ ነው» ብሎ ጀመረ። «ደሴን እወዳታለሁ፣ ግን ከመጋዘኑ ጀምር» አሉት። ደሴን አያውቋትም፤ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ጉልበቱንም በተመለከተ ልጁን ያረጋጉት እሳቸው ናቸው። በ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት አሠሪ «ቀጥሬሃለሁ» ሳይል ስለ ሕመምህ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ «ይህን ሥራ መሥራት ትችላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረደ። ለካ ሥራ የማያመለክተው ያንን ፈርቶ ነበር፤ ለእኛ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ከፌዴራል መንግሥት ጋር ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች፣ ኮንትራቱ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ፣ ክፍት የሥራ ቦታቸውን ለስቴቱ የሥራ አገናኝ አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የ1974 ሕግ ነው፣ ለቬተራኖች ተብሎ የወጣ። በኛ አካባቢ ደግሞ በየሕንፃው የፌዴራል ኮንትራክተር ነው። ስለዚህ ጆብ ሴንተሩ ጋ ያለው ዝርዝር ከእድርና ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ከምንሰማው በጣም ይሰፋል። ቨርጂኒያ በዚህ ላይ ቬተራን ለሚቀጥሩ ድርጅቶች ሥልጠናና ዕውቅና የሚሰጥበት የራሷ ፕሮግራም አላት። ሰውዬው ለአንድ ሆስፒታል የዕቃ አቅርቦት ክፍል ማመልከቻውን ካስላኩ በኋላ ከአሠሪዎች ጋር የምትሠራዋ ባልደረባቸው ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። ሥራውን አልሰጠችውም፤ ያንን አትችልም። ሪዙሜው ከመቶ ሪዙሜ ሥር እንዳይቀር ነው ያደረገችው። የቀረውን ወንድሜ ራሱ ኢንተርቪው ላይ ተወጣው። ዛሬ የቀን ሺፍት ነው፣ ኢንሹራንስና ጡረታ አለው፣ የጓንቱና የመርፌው ቆጠራ በሱ እጅ ነው። አለቃው ራሱ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰው ነው አሉ።

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ድረ ገጹ ያስለቅሳል። ወረቀቱ ብዙ ነው። ሥልጠና እንዲከፈልላችሁ ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ ስቴቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት፤ የሚፈቀደውም ወዲያው አይደለም። ራሳችሁ ከፍላችሁ ጀምራችሁ «መልሱልኝ» ብትሉ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ገንዘቡም ያልቃል። የበጀት ዓመታቸው ጁላይ 1 ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት «አልቋል» ከተባላችሁ ከጁላይ 1 በኋላ ተመለሱ።

ቬተራን ያልሆናችሁም አትቅሩ። ከሥራ የተቀነሰ ሰው፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ፣ ከ16 እስከ 24 ዓመት ያለ ትምህርት ያቋረጠ ወጣት፣ ለየራሳቸው የተመደበ ገንዘብ አለ። ጎረቤታችን እትዬ በዚሁ መንገድ ነው የነርስ ረዳትነት ኮርስ የተማሩት። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ልጃቸውን ከትምህርት ቤት እያስቀሩ ሊሄዱ ነበር። አያስፈልግም፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ቢሮ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁማ ይብሱን ይቀላል። በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «አማርኛ» በሉና ጠብቁ።

ወንዶች አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ የገባችሁት 26 ዓመት ሳይሞላችሁ ከሆነ ለሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ማለትም ለግዳጅ ውትድርና ስም ለሚይዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መመዝገብ ነበረባችሁ። ሳትመዘገቡ ካለፋችሁ የሥልጠናው ገንዘብ ላይ ይይዛችኋል። 26 ከሞላችሁ በኋላ ከመጣችሁ ግዴታው የለባችሁም፤ የገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ።

ድርጅት ላላችሁ ወገኖችም አንድ ቃል። የቤት ለቤት እንክብካቤ ከፍታችሁ፣ የጭነት መኪና ገዝታችሁ፣ ሰው አጣን እያላችሁ ታማርራላችሁ። ክፍት ቦታችሁን እዚያ በነፃ አስመዝግቡ። አዲስ ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለ ካሠለጠናችሁት፣ ቀድሞ ውል ከተፈረመ፣ በሥልጠናው ጊዜ ከምትከፍሉት ደመወዝ በተለምዶ ግማሹን ይመልሱላችኋል። ውሉ ከቅጥሩ መቅደም አለበት፤ ቀጥራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትሄዱ ዋጋ የለውም።

ስትሄዱ መታወቂያና የሥራ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ወረቀት ያዙ። ቬተራን ከሆናችሁ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት ኮፒ፣ የአካል ጉዳት ደብዳቤ ካላችሁም እሱን ጨምሩ። ከሥራ ከተቀነሳችሁ የማሰናበቻው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቅርባችሁ ያለውን ቢሮ ለማወቅ 1-877-872-5627 ደውሉ። በሩ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሉት «ቬተራን ነኝ» ይሁን፤ ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ።

የሰውዬውን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁና እሳቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄ እመልስላችኋለሁ። ከአንድ በላይ ቢሮ ስለሚዞሩ ቀጠሮ ሳትይዙ አትሂዱ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰው ይበዛል።